ሚኒባስ እየነዳ የመጣው ታካሚ

ድሮ የዓይን ሞራ ለማስገፈፍ መንግሥት ሆስፒታል የሚመጣ ሰው በዘመድ እጅ ተይዞ ነበር የሚመጣው። ጭራሽ እስኪጨልምበት ድረስ "እርጅና ነው" እያለ ቤቱ ይቆያል። ዘንድሮ ታካሚው ሌላ ሆኗል። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው መስታወት መደፍረስ ነው፤ ትንፋሽ ያደበዘዘው መስኮት እንደማለት። አሁን ሰዉ መስኮቱ ገና ደብዘዝ ሲል፣ ስልኬን ማንበብ አቃተኝ ብሎ ይመጣል።

ልብስ ሰፊዋ ከእነዚህ አንዷ ናት። እሷን ያስቸገራት ክር በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ነው። ከሰፈሯ ሰዎች ጋር በአንድ ሚኒባስ ተጭና መጣች። የሾፌሩ ሚስት ጋቢና ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ አፏ አላረፈም፤ ግራህን ያዝ፣ ቀስ በል፣ ሴትዮ እየተሻገረች ነው። ከኋላ ያሉት በሳቅ ሞቱ። ልብስ ሰፊዋማ፣ እሱ መሪ ይዟል እንጂ የምትነዳው እሷ ናት ብላ አሾፈች።

ሆስፒታል ሲደርሱ ሾፌሩም ካርድ አውጥቶ አብሯቸው ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ለዕለቱ ቀዶ ሕክምና አንድ ቦታ ብቻ ቀረ። ተራ ያልደረሰው ከወራት በኋላ ይቀጠራል። ደንቡ የባሰበት ይቅደም ነው። ልብስ ሰፊዋ ዛሬ ካለፋት የስፌት መኪናዋን መሸጧ ነው። ነርሷ ጣቶቿን ስታሳያት ቆጠረች። ወደ ሾፌሩ ዞራ ስትጠይቀው፣ አይታየኝም አለ።

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች።

"ሲስተር፣ ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እየነዳ ያመጣን እኮ እሱ ነው።"

ተሳፋሪው ሁሉ መሰከረ። አንድ ጡረተኛ፣ ምናልባት የታወረው በሩን ሲያልፍ ይሆናል አሉ። ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ከፊቱ ካለው ወንበር ጋር ተላተመ። ትወናውንስ ችሎበታል ተባለ። ሚስቱ አንገቷን ደፋች።

"ጋሼ፣ እኔ ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ዓይን ነው" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ድምጿ ለስልሶ። "እባክዎ እውነቱን ይናገሩ።"

"ሐኪሙ ይየኝ፣ እህቴ" አለ እሱ።

ሐኪሙ ጋ ማታለል የለም። ጣት ሲቆጥሩ መዋሸት ይቻላል፤ የሐኪሙ መሣሪያ ግን ብርሃን አብርቶ ሞራውን ራሱን ነው የሚያየው፣ ባለቤቱን አይጠይቅም። ነርሷ ሾፌሩን ይዛው ገባች። ውጭ የቀሩት፣ አፍሮ ሲወጣ ምን እንደሚሉት ይመካከሩ ጀመር። ልብስ ሰፊዋ ተራዋ እንደደረሰ ቆጥራ ጫማዋን ማውለቅ ጀምራለች።

በሩ ተከፈተና ሐኪሙ ብቅ አለ።

"ሰውየው አልዋሸም፤ ከጥላ በቀር የሚለየው ነገር የለም። ለመሆኑ እዚህ ድረስ እየመራ ያመጣው ማን ነው?"