የጋጣው ግድግዳ ጨው

አሳማው በታረደ ማግስት ረፋዱ ላይ፣ ኤርሲሊያ ማንኪያ፣ ሳህንና ፋኖስ ይዛ ከቤቱ ሥር ወዳለው አሮጌ ጋጣ ወረደች። አማቷ ዛይራ ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ታፋ በጨው በሚታሽበት ቀን ግን ከደረጃው ላይ አይታጡም።

ሥጋው እንዲቆይ የባሕር ጨው ይበቃዋል። ቀይ መልኩን እንዳይለቅ ግን ግድግዳው ላይ ከሚያብበው ነጭ ጨው ቆንጠር ይደረግበታል። ድሮ የአገሩ መስፍን ወታደሮች ለባሩድ እያሉ ቤት ለቤት ይፍቁት ነበር። የከብት ሽንት የጠጣ ግድግዳ ነው የሚያበቅለው።

ኦሬስቴ በቅሎዋን ሸጦ ፈረንሳይ ገባ ከተባለ ሦስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ኤርሲሊያ ሲሄድ አላየችውም፤ ከገበያ ስትመለስ እናቱ ናቸው የነገሯት። አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈም።

"እማማ፣ ጋጣው ባዶ ነው። ይኼ ግድግዳ ምን እየጠጣ ነው እንዲህ የሚያብበው?"

"ያገኘውን ነዋ! አሁን ደግሞ መመራመር ጀመርሽ? ፋቂ፣ ሥጋው እየጠበቀሽ ነው።"

ፋኖሱን ከፍ አደረገች። ዘንድሮ ጨው የያዘው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ከወለሉ በሁለት ቀጫጭን መስመር ተነስቶ፣ መሃል ላይ ገጥሞና ሰፍቶ፣ ከእሷ ቁመት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ያበቃል። ከታች ጀምራ ፋቀች። ደረቷ ድረስ ያለውን ጨርሳ ማንኪያውን ወደ ላይ አነሳች።

"ይብቃሽ ልጄ" አሉ ዓይነ ስውሯ ከደረጃው ላይ፣ ቀስ ብለው። "ፊቱን ተይልኝ።"