አፈር ስሆን

የሎጁ ምግብ አብሳይ የሻረግ የጠበሰችውን ዓሣ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጠች፣ የአሸዋ ኮረብታዎቹ ጠባቂ ሰዓዳ «የሻረግ» የሚል የተቀረጸበት ትንሽ እንጨት ይዛ ገባች።

«እትዬ፣ ቦታዎ ተመርጧል። ፊት ለፊት ያለው ኮረብታ ላይ ነው።»

«የምን ቦታ?»

«ሲሞቱ የሚያርፉበት።»

በባሕሩ ዳርቻ ያለ ሎጅ ሁሉ የፊቱን ኮረብታ ይጠብቃል፤ ካልጠበቀ ይዘጋል። አሸዋውን ነፋስ እንዳይበትነው የሚይዘው ሣር ነው፤ ሣሩ የሚለመልመው ደግሞ ቃል የገቡ ሰዎች ከሥሩ ሲቀበሩ ነው። ቃሉን በየሎጁ ግድግዳ ውስጥ የተገጠመው የድምፅ መዝጋቢ መሣሪያ ይሰማል፤ አንዴ ከሰማ አይሻርም። የሻረግ ግን ቃል አልገባችም። የምትቀበረው አገር ቤት፣ ከባሏ ጎን ነው።

«እኔ መቼ አልኩ?»

ሰዓዳ አንገቷን ደፋች። «በየቀኑ፣ እትዬ። እንግዳውን ሁሉ ‹አፈር ስሆን ብሉልኝ› ይላሉ። መዝጋቢው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰምቶዎታል።»

የሻረግ ክው አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«እሱ እኮ ልመና ነው» አለች በመጨረሻ። «እንግዳ እንዲበላ ነው።»

«አውቃለሁ፤ እናቴም ትላለች። መዝጋቢው ግን አያውቅም።»

የሻረግ እጅ እንደ ልማዱ ሳህኑን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገው። አፏም ተከፈተ፤ ግድግዳውን አየችና የመጣላትን ቃል ዋጠችው።

«ብዪ» አለች ብቻ።

«በልቻለሁ» አለች ሰዓዳ፣ ሰው ለመጀመሪያው ግብዣ እንደሚመልሰው። ከዚያም ሁለተኛውን ጠበቀች።

ሁለተኛው አልመጣም። ዓሣው ሲቀዘቅዝ ሰዓዳ ሳትበላ ወጣች።