ባል ሆኖ የሚተውን

በፊልም ፌስቲቫሉ ነፃ ሥልጠና ላይ አሠልጣኙ «ሚስቱን ከቤት የማያስወጣ ባል ሆኖ የሚተውንልኝ ማነው?» ሲል ስንቱ ጎረምሳ እየተሳሳቀ አንገቱን ደፋ። ከሠልጣኞቹ አንዷ ግን ምን እንደገፋት ሳታውቅ ብድግ አለች።

ሚስት ሆና የምትተውነው ልጅ ፊት ቆመች። አልጮኸችም፤ አልተቆጣችም። «እኔ እኮ ላንቺው ብዬ ነው፣ ሆዴ» አለችና ፈገግ ብላ መዳፏን ዘረጋች። ልጅቷ ሳትጠየቅ ስልኳን አስረከበች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«እውነት እኮ ነው የሚመስለው!» አለ አሠልጣኙ። «ከየት አመጣሽው?»

«እንዲሁ... ከጭንቅላቴ» አለችና ጭብጨባው ሳያባራ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ብቻዋን አልለቅም ብሎ አብሯት የመጣው ባሏም ከልቡ እያጨበጨበ ነበር። ሲጨርስ «ጎበዝ፣ ሆዴ» አላትና ፈገግ ብሎ መዳፉን ዘረጋ።