የጥሩነሽ ኮቴ

የሰውን ሕመም አላምንም ያለ፣ ሊያምን የማይሻውን ለማመን ይገደዳል።

ኮሮና ከተማውን በዘጋበት ወራት፣ በዐረብ አገር፣ ባያን በተባለ ሰፈር ውስጥ በአንድ ሰፊ ቤት ማዳምና ሠራተኛዋ ጥሩነሽ ብቻ ይኖሩ ነበር። ጥሩነሽ ምንጣፍ ስታነሣ ጀርባዋን ታመመች፤ ሕመሙ ወርዶ እግሮቿን አደነዘዘ፤ ሽንትም ከለከላት። ከላይኛው ክፍሏ ሆና ስልክ ደወለች።

«ወላሂ ማዳም፣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ሐኪም ቤት ውሰጂኝ።»

ማዳም ከመኝታ ቤቷ መለሰች፦ «ኮሮና ልታመጪብኝ ነው? ደግሞ ሳሎን ስትራመጂ እየሰማሁሽ! ውሸታም! ያላ፣ ሥራሽን ጨርሺ!»

ጥሩነሽ አዳመጠች። እውነትም ከታች አንድ ሰው ነጠላ ጫማ እየጎተተ ይራመዳል። አረማመዱ የራሷ ነበር።

በማግስቱ ማዳም ልትቈጣት ወጣች። ጥሩነሽ ተኝታለች፤ እግሮቿ እንደ እንጨት ተዘርግተዋል። ሁለቱም ላይ ሳሉ ኮቴው ከታች ቀጠለ።

ያን ጊዜ አምቡላንስ ተጠራ። ሐኪሞች ሕብለ ሰረሰሯን የተጫነውን የአከርካሪ ዲስክ በቀዶ ጥገና አነሡላት፤ ነገር ግን ጊዜው አልፎ ነበርና እግሮቿ አልዳኑም።

ጥሩነሽ በተሽከርካሪ ወንበር አገሯ ገባች። ኮቴው ግን ከባያን አልወጣም፤ ማዳም ከእርሱ ጋር ብቻዋን ትኖራለች።