የጋዝ መለኪያዋ

የፍሳሽ ጉድጓድ ሠራተኞቹ አለቃ እስከ ደረቱ በጭቃ ተለውሶ የማዘጋጃ ቤቱ ንብረት ክፍል በር ላይ ሲቆም፣ ንብረት ጠባቂዋ ምን ፈልጎ እንደመጣ ሳትጠይቅ የብረት ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ጉድጓድ ከመግባት በፊት መርዛማ ጋዝ መኖር አለመኖሩን የምትለየው መለኪያ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ነበረች። ከእሷ በፊት የተገዙት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ የውሃ ሽታ ሆነው ስለቀሩ፣ ይህችኛዋን ያለ ሥራ አስኪያጁ ፊርማ ንቅንቅ እንዳትል ቆልፋባት ነበር።

ጠዋት ሠራተኞቹ ሊወስዷት ሲመጡ ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ነበር። "እስኪወጣ ጠብቁ፤ ብትጠፋ የምጠየቀው እኔ ነኝ" አለቻቸው። ጎርፉ ግን መንገዱን እየሞላው ስለነበር የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። "ሳቂታው" የሚሉት ሠራተኛ፣ "ተዋት አለቃ፣ የኔ አፍንጫ ከማሽን ይበልጣል" ሲል ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ባዶ እጃቸውን ሄዱ።

አሁን መለኪያዋን በሁለት እጇ ይዛ ዘረጋችለት። "እንካ፣ ውሰዳት። የፊርማውን ነገር እኔ እጨርሰዋለሁ።" ስትዘረጋለት ጣቷ ማብሪያውን ነክቶት ኖሮ መለኪያዋ በርታ ጢጥ አለች። አለቃው አልተቀበላትም። ይጮህብኛል ብላ ጠበቀች፤ ቢሰድባት በወደደች። እሱ ግን ኮፍያውን አውልቆ ጭቃውን በጣቱ ይጠርግ ጀመር።

"ሳቂታውን አወጣነው" አለ። "ነፍሱ ግን ቀድማን ወጥታ ነበር።"

ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

"እህቴ፣ እናቱ ቤት አብረሽኝ ትሄጃለሽ? ብቻዬን እግሬ እሺ አይለኝም።"