የኦጅዋክ ጀልባ ትንንሽ ብልሽቶች

የኦጅዋክ ጀልባ ትልቅ ብልሽት አልነበረባትም። ያረጀች የላሜራ ጀልባ ናት፤ የምታስቸግረው በትንንሹ ነው። ዛሬ የሞተሩ ካንዴላ ይላላል፣ ነገ የነዳጁ ቱቦ ያንጠባጥባል፣ ከነገ ወዲያ የመቀመጫው ብሎን ይጠፋል። ኦጅዋክ አንዱን ጠግኖ ቀና ሲል ሌላው ይጠብቀዋል።

ጊዜ ደግሞ አልነበረውም። ጥቅምት ተጋምሶ የባሮ ውሃ በየቀኑ እየሸሸ ነው። ኅዳር ሲገባ አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል፤ እንደ እሷ ያለች ከባድ ጀልባ እስከሚቀጥለው ክረምት ወንዙን ተከትላ ወደ ማታር ከተማ አትወርድም። አንድ ልጁ ኦኬሎ በሰኔ ዓሣ ሊነግድ ወደዚያ ወርዶ አልተመለሰም። ስልኩ አይሠራም። በመኪና ማታር መድረስ ይቻላል፤ ኦጅዋክ ግን ልጁን በየወንዙ ዳር፣ በየመንደሩ እየቆመ ሊጠይቅ ነው ያሰበው። ለዚያ ጀልባ ያስፈልጋል።

ክረምቱን ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። እህል አልቀምስ አለ። መቅደላዊት የምትባል ነርስ መጥታ የደም ግፊቱን ለካችው፤ ድንጋጤ እንዳይነካው ሚስቱን አጁሉን አሳስባት ሄደች። ከአልጋው ያነሳችው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን ጀልባዋ ናት። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ተነስቶ «ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ» አለና መፍቻውን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይበላል።

አጁሉ አብራው ትወርዳለች። ባልዲ ትይዛለች፣ መፍቻ ታቀብላለች፣ ብሎኖቹ ወንዝ እንዳይገቡ በመዳፏ ትጠብቃለች። የቱ ብሎን የት እንደሚገባ ከእሱ እኩል ታውቃለች። ወሬ አታበዛም። ሰማያዊ ዶቃዋን ካወለቀች ሰንብታለች፤ ክሩ ተበጠሰ ብላው ነበር። ኦጅዋክ ከዓሣ መረቡ ጠንካራ ናይለን ቆርጦ ሰጣት። ናይለኑ እስካሁን መስኮቱ ላይ እንደተጠቀለለ ነው።

ከማታር ዓሣ ይዛ የምትመጣው ኛቦል በጳጉሜ ቤታቸው ጎራ ብላ ነበር። ያኔ ኦጅዋክ ተኝቷል። ሲነቃ ስለ ኦኬሎ ጠይቃት እንደሆነ አጁሉን ጠየቃት።

«ጠየቅኳት» አለች። «አላየሁትም አለችኝ።»

ካንዴላስ በራሱ ይላላል ይባል። አጥብቀው ያሰሩት ብሎን ግን በራሱ ተነስቶ አይሄድም። ኦጅዋክ ይህን ሲያስብ ዓይኑ ከወንዙ በላይ ባለችው ጋራዥ ላይ አረፈ። ጋራዧ የሩፋኤል ናት። ሩፋኤል ከደጋ የመጣ የባጃጅ መካኒክ ነው፤ ለሽንኩርት ማሳው ውሃ መሳቢያ ሊያደርገው የጀልባዋን ሞተር ሁለት ጊዜ ሽጥልኝ ብሎ ጠይቋል። መፍቻ በየዓይነቱ አለው። ውሃ ሊቀዳ በየቀኑ በጀልባዋ አጠገብ ያልፋል።

«ሩፋኤል ነው» አለ ኦጅዋክ። «ሰልችቶኝ እንድሸጥለት ነው።»

«ተወው» አለች አጁሉ። «ሳታይ የሰው ስም አታጥፋ።»

አልተወውም። ጋራዥ ድረስ ሄደ።

«አንተ የኔ ጀልባ ትፈታለህ» አለው። «ሞተር አልሸጥም። እኔ በሱ ልጅ አመጣለሁ።»

ሩፋኤል እጁን በጨርቅ ጠረገ። ተናዷል፤ ሽማግሌ ናቸው ብሎ ዋጠው።

«አባባ ኦጅዋክ፣ ሌባ ቢሆን ሞተሩን ነቅሎ ይሄድ ነበር። ይሄ ሰውዬ የአንድ ቀን ሥራ የሚሆንዎትን ብቻ ነው የሚያበላሸው። ጠላት ከሆነም ገራም ጠላት ነው።»

«አንተ ነህ» አለ ኦጅዋክ።

ሩፋኤል ከዚያ በላይ አልተከራከረም። የዕቃ ሳጥኑን አንጠልጥሎ ወደ ወንዙ ወረደ። እስከ ማምሻው ድረስ ካንዴላውን ቀየረ፣ ቱቦውን ቀየረ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። ኦጅዋክ ከእጁ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ገመዱ አንዴ ሲሳብ ሞተሩ ተነሳ፤ ኦጅዋክ ከሰኔ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

«ነገ ጠዋት ይሂዱ» አለ ሩፋኤል። «የቀረ ነገር የለም።»

አጁሉ ባልዲዋን ይዛ ቆማ ነበር። አላመሰገነችውም። ኦጅዋክ አፈረላት።

ጠዋት ስንቁን በትከሻው አድርጎ ሲወርድ ጀልባዋ የለችም። ጠጋ ሲል አያት፤ በታሰረችበት ሰጥማለች። የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ ጎተታት። ወለሏ ላይ ያለው የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ቡሹ የለም። ከሞተሩ ውስጥ አሸዋና ጭቃ ወጣ።

«ስንት ቀን?» አለ ኦጅዋክ።

«ተፈትቶ እስኪታጠብ ሁለት ሳምንት» አለ ሩፋኤል። ወንዙን አየ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ውሃው እንደማይኖር ሁለቱም ያውቃሉ።

«ልጄን ገደልከው» አለው ኦጅዋክ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ።

ሩፋኤል መፍቻዎቹን ሰብስቦ ወደ ጋራዡ ወጣ። ከዚያን ቀን በኋላ ውሃ የሚቀዳው በሌላ መንገድ ዞሮ ነው።

ኦጅዋክ እስከ እኩለ ቀን ከጀልባዋ አጠገብ ተቀመጠ። ልቡ ተሰብሯል። አጁሉ ምሳውን እዚያው አመጣችለትና አጠገቡ ተቀመጠች። ብዙ ቆይቶ እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ።

«ለከርሞ» አለ። «ውሃው እንደሞላ። እስከዚያ ሞተሩን አዲስ አደርገዋለሁ። ኦኬሎ ይጠብቀኛል።»

«ይጠብቅሃል» አለች። «ብላ።»

በላ።

አጁሉ ቤት ገብታ ሳህኑን አጠበች፤ ከዚያ ከዱቄት ማሰሮው ሥር አንድ ቋጠሮ አውጥታ ፈታችና የጀልባዋን ቡሽ ለሐዘን ካወለቀችው ሰማያዊ ዶቃዋ ጎን፣ ኛቦል በጳጉሜ ካመጣችላት ውሃ የበላው የኦኬሎ መታወቂያ ላይ አስቀመጠችው።