የአልቃሿ አርባ

ድፍን ሰፈሩ የሰላም ቫይታሚን በየማለዳው መዋጥ ከጀመረ ወዲህ ለቅሶ ቤት ጸጥ ረጭ ያለ ነው። ስንቱን ሟች በሙሾ የሸኙት አልቃሿ እማማ ውድነሽ እንኳ ሲቀበሩ አንድ ዘለላ እንባ አልወረደላቸውም።

ነገሩ ልጃቸውን ባንተአምላክን ከነከነው። «ለአርባዋ እንኳ ላልቅስላት» ብሎ ቢጫውን ክኒን የዋጠ በመምሰል ከምላሱ ሥር ይደብቅና ጓሮ ወጥቶ ይተፋው ጀመር። ለሚስቱ ለየሺመቤት ትንፍሽ አላለም።

የአርባው ቀን ደረሰ፤ እንባው ግን የለም። «እዚህ ቤት አንድ ነገር አለ» አለ በልቡ።

እንግዶች ሳይመጡ ምሳ ሲቀርብ ሚስቱን በዐይኑ ተከታተላት። የጨው ዕቃው ከመደርደሪያው ሳይነሳ፣ ከቀሚሷ ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ዱቄት አውጥታ በእሱ ወጥ ላይ ነሰነሰች።

«የሺ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጨው ነዋ።»

«ጨው ከመቼ ወዲህ ነው ቢጫ የሆነው?»

የሺመቤት አልደነገጠችም። «ጓሮ ስትተፋ አይቼሃለሁ። ቫይታሚኑ ሳይመጣ በፊት ስንት ሳህን ግድግዳው ላይ እንደከሰከስክ ረሳኸው? እኔስ አልረሳሁም።»

ባንተአምላክ ብድግ ብሎ ሊጮህባት ፈለገ። ቁጣውን ከሆዱ ቢፈልግ ቢፈልግ አጣው። የእናቱን ሙሾ ለማስታወስ ሞከረ፤ ቃሉ መጣለት፣ ዜማው ግን ቀረ።

«ብላ እንጂ፣ ይቀዘቅዛል» አለችው።

ቆርሶ ጎረሰና በዝግታ አላመጠ።

«ጥሩ ነው» አላት። «ጨው ብቻ አንሶታል።»